ክራንቤሪ ጁስና የሴቶች የሽንት ኢንፌክሽን፦ ለማን? የትኛው ጁስ? መቼ?

"ሽንቴን ያቃጥለኛል" ብላ ለጓደኞቿ የነገረች ሴት ምክር አታጣም። አንዷ "ብርድ ነው፣ ወገብሽን አሙቂ" ትላታለች። ሌላዋ "ከፋርማሲ ሲፕሮ ግዢና ዋጪ" ትላለች። ተልባ በጥብጠሽ ጠጪ የምትልም አለች። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖር እህት ካለቻት ደግሞ "ክራንቤሪ ጁስ" የሚለው ይጨመራል። አንዳንዴም ከምክሩ ጋር በሻንጣ የተላከ እንክብል ይመጣል።

ስለ ክራንቤሪ የሚባለው ተረት አይደለም። እንደሚወራውም አይደለም። ተመራማሪዎች ራሳቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲከራከሩበት ከርመው በ2023 ደህና መልስ ላይ ደርሰዋል (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ችግሩ መልሱ እኛ ጋ ሲደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። "ክራንቤሪ ለሽንት ጥሩ ነው" የሚለው ብቻ ይተርፋል። ለየትኛዋ ሴት? የትኛው ጁስ? ከመታመሟ በፊት ነው ወይስ ከታመመች በኋላ? ይህ ካልተለየ ምክሩ ገንዘብ ያስወጣል። ሲብስ ደግሞ ሕክምና ያዘገያል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

በሽታውን እንየው። አብዛኛው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚመጣው ኢ. ኮላይ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው አንጀታችን ውስጥ ይኖራል፤ እዚያ እስካለ ድረስ ብዙ ጊዜ አይጎዳንም። ጉዳቱ ከፊንጢጣ አካባቢ ተነስቶ የሽንት መውጫውን ሲያገኝና ወደ ፊኛ ሲወጣ ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የወንድ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያ ላይ የሴቷ መውጫ ለፊንጢጣ ቅርብ ነው። ስለዚህ በሽታው ሴቶች ላይ የሚበዛው ንጽሕና ስለጎደላቸው ሳይሆን በአፈጣጠራቸው ምክንያት ነው። ከሴቶች ግማሽ ያህሉን በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። ከተያዙት ደግሞ ከአራት አንዷን ገደማ ስድስት ወር ሳይሞላ ይመለስባታል።

ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዘንድ ሽንት ያቃጠላት ሴት ከሕመሙ በፊት የምትፈራው ስሙን ነው። "ጨብጥ ነው ይሉኛል" ብላ ትደብቀዋለች። ባሏ እንዳይጠረጥራት ትጨነቃለች፣ ወይ እሷው ባሏን ትጠረጥራለች። የፊኛ ኢንፌክሽን ግን የአባላዘር በሽታ አይደለም። ግንኙነት ባክቴሪያውን ወደ ቱቦው ስለሚገፋው ሊያስነሳው ይችላል። ሆኖም ወንድ የማታውቅ ልጅም፣ መነኩሲትም፣ አያትም ይይዛቸዋል። እርግጥ ከማቃጠሉ ጋር ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም፤ ይታከማል።

ክራንቤሪው ምን ያደርጋል?

ክራንቤሪ ትንሽ፣ ቀይ፣ አፍ የሚያጨማድድ ጎምዛዛ ፍሬ ነው። እኛ አገር ጉልት ላይ የምናገኘው ዓይነት አይደለም። በብዛት የሚመረተው አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲንና በማሳቹሴትስ፣ ካናዳ ውስጥ ደግሞ በኩቤክ ነው። ፍሬው ሲደርስ ማሳውን በውሃ ያጥለቀልቁታል። ቁጥቋጦው ሲነቀነቅ ፍሬው ተነቅሎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ማሳው ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል። ከዚያ ጠርገው ይሰበስቡታል።

ድሮ ክራንቤሪ የሚሠራው ሽንትን ኮምጣጣ አድርጎ ባክቴሪያውን በመግደል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሲለካ ግን ሰው በቀን የሚጠጣው መጠን ሽንትን ለዚያ በሚበቃ ደረጃ አይቀይርም። በ1984 አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሌላ ነገር አስተዋለ። ጁሱ ያረፈበት ኢ. ኮላይ ሰውነት ላይ መጣበቅ ያቅተዋል። ባክቴሪያው በገላው ላይ ፀጉር መሰል ክሮች አሉት። ሜዳ ላይ ስንሄድ ልብሳችን ላይ እንደሚቀረው ጨጎጎት፣ በእነዚህ ክሮች የፊኛን ግድግዳ ሙጭጭ ይላል። ካልተጣበቀ ሽንት ጠርጎት ይወጣል። በ1998 ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለዩት፤ ፕሮአንቶሲያኒዲን ይባላል። ንጥረ ነገሩ በብዙ ፍሬዎች ውስጥ አለ። ክራንቤሪ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን "ኤ" የሚባለው ዓይነት ነው፤ ብዙዎቹ ሌሎች ፍሬዎች ያላቸው "ቢ" የሚባለውን ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ክራንቤሪ ባክቴሪያ አይገድልም። ገና ያልተጣበቀውን እንዳይጣበቅ ያስቸግረዋል እንጂ ከተጣበቀና ከተራባ በኋላ የሚያደርገው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማቃጠሉ ከጀመረ በኋላ በሊትር መጠጣት በሽታውን አያድንም። አንዲት ሴት ሦስት ቀን "ጁሱ ይሠራል" ብላ ስትጠብቅ ባክቴሪያው ወደ ኩላሊቷ ሊወጣ ይችላል።

ጥናቶቹ ሲጋጩ ኖሩ

በ1994 ቦስተን ውስጥ 153 አረጋውያን ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ብዙ ሰው አስደሰተ። ግማሾቹ በቀን 300 ሚሊ ሊትር ክራንቤሪ ጁስ ጠጡ። ግማሾቹ በመልክም በጣዕምም የሚመስለውን ሌላ መጠጥ ጠጡ። የክራንቤሪዎቹ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያና ነጭ የደም ሴል አብረው የተገኙበት ጊዜ በግልጽ ያነሰ ነበር። ልብ በሉ፣ ጥናቱ በዋናነት የቆጠረው ሽንት ውስጥ የታየውን ነው። የታመሙትን አይደለም።

እኔ ከሁሉም የሚማርከኝ የፊንላንዱ ነው። በ2001 ኦሉ በምትባል ከተማ በኢ. ኮላይ ኢንፌክሽን የተያዙ 150 ሴቶች ተመዘገቡ። አንዱ ቡድን በየቀኑ 50 ሚሊ ሊትር ስኳር ያልተጨመረበት የክራንቤሪና የሊንጎንቤሪ ጁስ ጠጣ። ሌላው "ጥሩ ባክቴሪያ" ያለበትን መጠጥ ጠጣ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። በስድስት ወር ውስጥ ኢንፌክሽኑ የተመለሰባቸው ከጁስ ጠጪዎቹ 16 በመቶ፣ ከሁለተኛው ቡድን 39 በመቶ፣ ምንም ካልተሰጣቸው ደግሞ 36 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ምዝገባው ከታሰበው በፊት ቆመ። ምክንያቱ ደግሞ ጁሱን የሚያቀርበው ድርጅት ምርቱን ማቆሙ ነው።

እነዚያው የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2003 ሌላ ጥያቄ አነሱ። የታመሙ ሴቶችና ያልታመሙ ሴቶች በየቀኑ የሚበሉትና የሚጠጡት ምን ይለያያል? ትኩስ ጁስ፣ በተለይ የቤሪ ዓይነት ፍሬዎችን ጁስ አዘውትረው የሚጠጡት የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። እንደ እርጎ ያለ የፈላ የወተት ምርት በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚወስዱትም እንደዚሁ። እዚህ ላይ "በቃ እርጎ ያድናል" ለማለት እንዳንቸኩል። እንዲህ ያለ ጥናት አብረው የሚሄዱ ነገሮችን ያሳያል እንጂ አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ጁስና እርጎ የምታዘወትር ሴት በሌላም ነገር ጤናዋን የምትጠብቅ ልትሆን ትችላለች። በ2001ዱ ሙከራ ጥሩ ባክቴሪያ የተባለው መጠጥ ምንም እንዳልረዳም አይተናል። እርጎ ግን ምግብ ነው፤ የሚስማማት ትብላ።

ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ተቸለሰበት። በ2011 ሚሺጋን ውስጥ 319 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ምንም ጥቅም አላሳየም። እንዲያውም የተመለሰባቸው ከክራንቤሪ ጠጪዎቹ 20 በመቶ፣ ከሌሎቹ 14 በመቶ ነበሩ። በ2012 ኮክሬን የተባለው፣ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም 24 ጥናቶችን አይቶ "ይህን ያህል አይጠቅምም" አለ። በ2016 ደግሞ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ 185 ሴቶች ለአንድ ዓመት እንክብሉን ወስደው ለውጥ አልታየም። ብዙ ሐኪሞች ጉዳዩ አበቃ አሉ።

አላበቃም። በዚያው በ2016 ኢንፌክሽኑ ከዚህ በፊት ይዟቸው በነበሩ 373 ሴቶች ላይ የተሠራ ሌላ ሙከራ ወጣ። በቀን አንድ ብርጭቆ ጁስ ጠጡ። በ24 ሳምንት ውስጥ በክራንቤሪው ቡድን 39፣ በሌላው 67 የሕመም ጊዜያት ተቆጠሩ። ገንዘቡን ያወጣው ክራንቤሪ ሻጩ ኦሽን ስፕሬይ ነው። ያ ብቻውን ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፤ ግን ማን እንደከፈለ ማወቅ የአንባቢ መብት ነው። በ2023 ኮክሬን ተመልሶ 50 ጥናቶችን፣ 8,857 ሰዎችን መዘነ። ያን ጊዜ መልሱን ለወጠ። ኢንፌክሽኑ በሚመላለስባቸው ሴቶች ላይ ክራንቤሪ ተጋላጭነትን በ26 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሕፃናት ላይም ጥቅሙ ታይቷል። በእንክብካቤ ተቋም ባሉ አረጋውያን፣ በነፍሰ ጡሮችና ፊኛቸውን ሙሉ በሙሉ መልቀቅ በማይችሉ ሰዎች ላይ ግን የሚጠቅም አልመሰለም።

26 በመቶ ምን ማለት ነው? ለምሳሌ ያህል፣ ያለ ክራንቤሪ ከ100 ሴቶች 30ዎቹ የሚመለስባቸው ቢሆን፣ በክራንቤሪ 22 ገደማ ይሆናሉ። ስምንት ሴቶች ከስቃይ ይድናሉ። ሃያ ሁለቱ እየጠጡም ይታመማሉ። በየሁለት ወሩ ለሚመላለስባት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሕይወቷ አንዴ ብቻ ለያዛት ግን በየቀኑ ለዓመታት እየገዙ መጠጣት የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ካርቶኑን አገላብጡት

ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ያለው ቀይ ካርቶን ሁሉ ክራንቤሪ ጁስ አይደለም። ንጹሑ በጣም ስለሚጎመዝዝ ብዙው ሰው አይጠጣውም። ስለዚህ አብዛኛው የሚሸጠው ውሃና ስኳር የተጨመረበት፣ ከሩብ ትንሽ የሚበልጠው ብቻ ጁስ የሆነ መጠጥ ነው። ሌላው የፖም ወይም የወይን ጁስ ተቀላቅሎበት ፊት ለፊቱ ላይ የክራንቤሪ ሥዕል ይለጠፍበታል። ጀርባውን አገላብጣችሁ የንጥረ ነገሩን ዝርዝር አንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉም የበዛው ነው። ውሃና ስኳር ቀድመው ክራንቤሪ መጨረሻ ላይ ካለ፣ የገዛችሁት ስኳር ውሃ ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር በ2020 ሻጮች ስለ ሽንት ኢንፌክሽን እንዲጽፉ ሲፈቅድ ገደብ አበጅቷል። ጁሱ ቢያንስ 27 በመቶ ክራንቤሪ መሆን አለበት። መጠኑ በቀን 240 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ በፊት ኢንፌክሽኑ ይዟት ለነበረች ጤነኛ ሴት ብቻ ነው። ማስረጃው ውስንና እርስ በርሱ የማይስማማ መሆኑም አብሮ መጻፍ አለበት። በዚያ አንድ ብርጭቆ ውስጥ የሚኖረው ስኳር 30 ግራም ሊጠጋ ይችላል። ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ሻያችንን በሁለት በሦስት ማንኪያ ለምንጠጣ ሰዎች ቦታ አይተርፍም። ስኳር ሕመም ያለባት ሴት በዚህ መንገድ ከመሄድ ስኳር የሌለበትን እንክብል ከሐኪሟ ጋር ብትነጋገርበት ይሻላታል። እንክብሉም ቢሆን ከፋብሪካ ፋብሪካ የሚይዘው መጠን እኩል አይደለም።

የእኛስ ጁስ ቤት? አቮካዶው በማንኪያ እስኪዛቅ ድረስ ወፍሮ ይፈጫል። ማንጎና ፓፓያ እየተደራረበ ስፕሪስ ይሆናል። ላዩ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ብዙ ቦታ ስኳርም ቪምቶም ይጨመርበታል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ከሽንት ኢንፌክሽን ይከላከላል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። ሎሚም ቢሆን ስለጎመዘዘ ክራንቤሪን አይተካም። የጉምዛዜው ነገር ቀድሞ ውድቅ የሆነው ሐሳብ መሆኑን አይተናል።

ውሃና መጸዳጃ ቤት

ስለ ጁስ ስናወራ የሚረሳው ይህ ነው። በ2018 የታተመ፣ ቡልጋሪያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸውና በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በታች የሚጠጡ 140 ሴቶች ተመረጡ። ግማሾቹ ከለመዱት ላይ በየቀኑ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ እንዲጨምሩ ተደረገ። በዓመቱ ውሃ የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፤ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ። የወሰዱት አንቲባዮቲክም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጥናቱን የደገፈው የታሸገ ውሃ የሚሸጠው ዳኖን ነው፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ቢሆንም የተጨመረው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ተፈልቶ ቢጠጣ ያው ነው።

ጥቅሙ ከክራንቤሪው አያንስም፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። ታዲያ ሴቶቻችን ለምን ውሃ አይጠጡም? ስለማያውቁ አይደለም። መርካቶ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሸጥ ሴት ውሃ ከጠጣች ሽንት ቤት ትፈልጋለች። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ወይ ተቆልፏል፣ ወይ አይገባበትም። ዕቃዋን ለማን ትታ ትሂድ? ከአዲስ አበባ ደሴ የምትሄድ ተሳፋሪ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ትቀንሳለች። አውቶቡሱ ሲቆም ወንዶች መንገድ ዳር ወረድ ይላሉ። ሴቶች ቁጥቋጦ ይፈልጋሉ፣ ነጠላ ይጋረድላቸዋል፣ ወይ እስከ ቀጣዩ ከተማ ይይዛሉ። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን በዚያ ሙቀት ለዕረፍትም ለመጸዳጃም የራሷ ሰዓት ላይኖራት ይችላል። የትምህርት ቤት ልጃገረዶችም በር የሌለውን ሽንት ቤት ፈርተው ቤታቸው እስኪደርሱ ይታገሣሉ።

ፊኛ በየጊዜው ሲሞላና ሲለቀቅ ባክቴሪያው ይታጠባል። ያንን መታጠብ የከለከልናት እኛው ነን። በር ያለውና ውሃ ያለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ብዙ ሴቶችን ከዚህ ሕመም ሊታደግ እንደሚችል አምናለሁ። የሥራ ቦታና ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን እንደ ጤና ጉዳይ ቢያዩት ምኞቴ ነው።

ጁሱ የማይመለከታቸው ሴቶች

የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ወርፋሪን የተባለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ወጣት ሴቶች አገራችን ውስጥ አሉ። ክራንቤሪ ከዚህ መድኃኒት ጋር ተያይዞ ደም መፍሰስ እንዳጋጠመ የተዘገበበት ጊዜ ስላለ፣ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አዘውትረው አይጠጡት። የኩላሊት ጠጠር የሚደጋገምባትም እንዲሁ ትጠይቅ።

የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ደግሞ ከጁስ በጣም የተሻለ ነገር አላት። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ብልትን የሚጠብቁት ጥሩ ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ። በ1993 በታተመ ጥናት በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም የተጠቀሙ ሴቶች በዓመት በአማካይ 0.5 ጊዜ ብቻ ሲታመሙ፣ ያልተጠቀሙት 5.9 ጊዜ ታመዋል። ይህን ለእናቶቻችን የሚነግራቸው ሰው ጥቂት ነው። እነሱም ለሐኪም መናገሩን ያፍራሉ። ልጆቻቸው እንጠይቅላቸው።

ጓደኛዋ ዋጪ ስላለቻት አንቲባዮቲክ፣ ስለ ሲፕሮም ሳንናገር ማለፍ የለብንም። አንዷ የዋጠችውን ቅሪት ለሌላዋ መስጠት፣ ሁለት ቀን ወስዶ ሲሻል ማቆም፣ ያለ ምርመራ ከፋርማሲ መግዛት የተለመደ ሆኗል። የእኛው ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ኢ. ኮላይ እንደ አሞክሲሲሊንና ኮትሪሞክሳዞል ያሉትን አንቲባዮቲኮች በብዛት እንደተላመዳቸው ደጋግመው አሳይተዋል። ሲፕሮም ቢሆን ጅማት ሊጎዳ ስለሚችል፣ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን እንዳይታዘዝ በ2016 አስጠንቅቋል። የሚመላለስባት ሴት መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት የሽንት ካልቸር እንዲሠራላት ትጠይቅ። ባክቴሪያው የቱ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚነግራት እሱ ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆነች ነገሩ ይለያል። በእርግዝና ጊዜ ምንም ሳያቃጥል ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ካልታከመ ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ያለ ጊዜ መውለድንም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል የሽንት ምርመራው አይዘለል፤ ክራንቤሪም አይተካውም። ነፍሰ ጡር ሆነችም አልሆነች፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ወይም የጀርባ ውጋት፣ ማስመለስ ከማቃጠሉ ጋር ከመጣ ኩላሊት ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጁስም ውሃም መሞከሪያ ጊዜ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ ያስፈልጋል።